እኔና ባለቤቴ በፕሮክሲማ ቢ

ጥቅምት 4
እንደ ሁልጊዜው ቁርስ፣ ኪኒን፣ ከዚያ ቀኝ እጇን ማሸት። ባለቤቴ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ሦስት ወር ሞላት። በእግሯ ቆማለች፣ ተመስገን። ንግግሯ ግን... ማንኪያውን «ቁልፍ» አለችው። «ማንኪያ» አልኳት። በቃ፣ ቀኑን ሙሉ ዝም። አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ስሠራ፣ ምላሴም ቀይ እስክሪብቶ ሆኖ ቀረ?

ጥቅምት 7
የንግግር ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠራችኝ። «አባቴ፣ አይቀየሙኝና፣ እርስዎ ሲያርሟቸው ነው እማማ ዝም የሚሉት። ካላወሩ ደግሞ ያለችውም ትንሽ ንግግር ትጠፋለች። ስህተት የማይገኝበት ወሬ ይፈልጉ።» ፈራሁ። እንዲህ ያለ ወሬ ከየት ይመጣል?

ጥቅምት 8
አገኘሁ! ጡረታ ልወጣ ስል ያረምኩት የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ውስጥ። ፕሮክሲማ ቢ የምትባል ፕላኔት። ብርሃን እንኳ ከዚያ እዚህ ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ፀሐይዋን በአስራ አንድ ቀን ትዞራለች፤ ዓመቷ ይኸው ነው። ማንም ሄዶ አላያትም። ታዲያ ማን ያርመናል?
ሶፋው ላይ ተቀምጠን «እዚያ ምን ይዘንባል?» አልኳት። ብዙ አሰበች። «መርፌ...» ልብስ ሰፊ ናት፣ ሌላ ምን ትበል? ደብተር ላይ ጻፍኩት። ሳቀች! ያ ሳቋ እንዳለ ነው።

ጥቅምት 15
በየአስራ አንድ ቀኑ ልደት ከሆነ እዚያ ሁለታችንም ሁለት ሺህ ዓመት አልፎናል። «አርጅተሃል» አለችኝ። ጥርት አድርጋ! ስድብ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጥቅምት 19
አበላሸሁት። «እዚያ... ጠዋት... ወፎች» ስትል፣ «ጠዋት የለም እኮ! መጽሐፉ አንዱ ፊቷ ሁሌ ወደ ፀሐይዋ ሳይዞር አይቀርም ይላል። ግማሹ ሁሌ ቀን፣ ግማሹ ሁሌ ሌሊት» ብዬ አረፍኩት። ደብተሩን ገፋችው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ሌላ ዓለም ድረስ ሄጄ አላስቀምጣት አልኩ።

ጥቅምት 21
ዝም።

ጥቅምት 22
ይቅርታ ጠየቅኳት። ቀዩን እስክሪብቶዬን ግራ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። «ከዛሬ ጀምሮ አራሚዋ አንቺ ነሽ።» ቀና ብላ አላየችኝም። እስክሪብቶውን ግን አልጣለችውም።

ጥቅምት 26
ተመስገን፣ ተመስገን። ጠዋት ደብተሩን ሳነብላት «ሰዎቹ በብርሃኑ በኩል ይኖራሉ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄን ያዘችና ሰረዘችው። መስመሩ ጠማማ ነው፤ ከኔ መስመሮች ሁሉ ግን እሱ ይበልጣል።
«አይደለም» አለች። «ጠርዙ ላይ።»
ቀኑና ሌሊቱ የሚጋጠሙበትን ማለቷ ነው። የቀሚሷን ጠርዝ በጣቷ ተከትላ አሳየችኝ።
«ለምን እዚያ?»
«አንተ... ብርድ ትፈራለህ። እኔን... ሙቀት ያፍነኛል።»
እሷ ስትከፍት እኔ ስዘጋ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት በመስኮት የተጣላነው! ለካ ለሁለታችን የሚሆን ቦታ ስትፈልግልን ነው የሰነበተችው። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። እሷ ግን ሥራዋን አልጨረሰችም።
«ጀልባው... ጠርዙ ላይ። አንተ በብርሃኑ በኩል ተኛ።»
አልጋችንን ማለቷ ነው።
ጀልባ ብዬ ጻፍኩት።