ለደረጀ የተቀዳው ካሴት

አባባ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። እማማ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። «አንተ» እያልኩ ስጽፍልህ ብታየኝ ትቆጣለች። ምን ላድርግ? ከየመን ከመጣህ ጀምሮ አንቱታ አልዋጥልህ ብሎ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ ስትል ኖርክ፤ እኛንም እንደዚያው አስለመድከን።

ሱቁ አልተዘጋም። ቤቱ የቀበሌ ሆኗል፣ እኛ ደግሞ ተከራይ። መጀመሪያ ስትከፍተው የጉለሌ ሰው እንደ ሌላው አረብ ቤት ስኳርና ላምባ ሊገዛ እየመጣ፣ መደርደሪያው ላይ የዘፈን ሸክላና የክራር ጅማት ሲያይ ግራ ይገባው እንደነበር እየነገርክ ስንቴ አሳቅኸን! ስኳር የፈለጉትን ሴትዮ አንድ ዘፈን አሰምተህ በባዶ እጃቸው ብትሸኛቸው፣ በማግስቱ ጎረቤታቸውን ይዘው ተመለሱ። ቤቱ የቆመው እንዲህ ነው። ካሴት ሲመጣ ደግሞ ያንን ልማድህን ጀመርክ። ዘፈኑን ከመቅዳትህ በፊት ማይክራፎኑን አፍህ ላይ ደቅነህ «ይህ ለእገሌ ነው፤ በደህና ስማው» ትላለህ። ለሴቱም ለወንዱም «ስማው» ነበር፤ ማንም አልተቀየመህም።

አሁን የምጽፍልህ ግን ለሌላ ነገር ነው። አምና የሸክላ ማጫወቻው መርፌ ተሰበረ፤ ምትኩም ጠፋ። ከየት ልቅዳ ብዬ ስጨነቅ፣ ከኋላ ክፍል ሣጥን ውስጥ አንተ የቀዳሃቸው ሃያ ሦስት ካሴቶች አገኘሁ። ደንበኞች ሳይወስዷቸው የቀሩ መሰሉኝ። ሁለቱን ቴፖች በሽቦ አገናኝቼ ከእነሱ መገልበጥ ጀመርኩ። እንዳይሰለቸኝ ደግሞ ድምፁን ዘግቼ ነው የምሠራው። ስህተቴ ይኸው ነው፤ አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው ሰምቼው ቢሆን ኖሮ አንተ እዚያ ውስጥ እንዳለህ አውቅ ነበር።

ሽሮ ሜዳ አንድ ሠርግ ላይ ከእኔ የተገዛ ካሴት ሲከፈት፣ ከዘፈኑ በፊት አንተ ተናገርክ። «ይህ ለደረጀ ነው፤ በደህና ስማው።» ሙሽራው ደረጀ አይባልም። ቀብርህ ላይ የነበሩ ሰዎች ጉርሻቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ አሉ። ከእንግዶቹ መሐል እትዬ አስካለ ነበሩ፣ የተማሪው የደረጀ እናት። ልጃቸውን የታጠቁ ሰዎች ከቤት ወስደውት እስከዚያ ቀን ወሬው አልተሰማም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«አባትሽ ልጄን የት አገኘው?» አሉኝ።

ደረጀ ሳይወሰድ በፊት ያዘዘው ይሆናል አልኳቸው፤ ላረጋግጥላቸውም ዋናውን ካሴት አወጣሁ። ጀርባው ላይ በገዛ እጅህ ቀን ጽፈህበታል። ልጃቸው ከተወሰደ በአምስተኛው ቀን ነው የተቀዳው።

ሌሎቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ይህ ለግርማ ነው። ይህ ለከድር ነው። ይህ ለአልማዝ ነው። ሁሉም ተወስደው ያልተመለሱ የሰፈራችን ልጆች ናቸው። ሱቁን ዘግተህ ስለቀዳህ የመንገዱ ጫጫታ የለበትም፤ ስሙን ከመጥራትህ በፊት ትንፋሽህ ይሰማል፣ ልክ አጠገቤ እንደቆምክ። ያን ጊዜ እነዚያ ጠዋቶች ትዝ አሉኝ። ከቁስቋም ቁልቁል ወደ ሱቁ ስትወርድ መንገድ ዳር ሬሳ ተጥሎ የሚታይባቸው ጠዋቶች። በእነዚያ ቀናት ሱቁን አርፍደህ ትከፍት ነበር። ወድቀው ያየሃቸውን ደንበኞችህን በመልካቸው፣ የሚወዱትንም ዘፈን ለይተህ ታውቃለህ። ለእናቶቻቸው መንገር ፈራህ፤ ዝም ማለትም አቃተህ። አባባ፣ ይህን ሁሉ በሆድህ ይዘህ እንዴት ከእኛ ጋር ራት በላህ? በጣም ተቆጥቼህ ነበር። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም።

እትዬ አስካለ ሳልነግራቸው ገባቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱት። ለእንዲህ ያለ ሟች ማልቀስ ክልክል መሆኑን ታውቃለህ፤ ድምፃቸው ቢሰማ ለቀሩት ልጆቻቸውም አይበጅም። የቀበሌው ጠባቂዎች ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ቆመዋል። የማደርገው ቢጠፋኝ የደረጀን ካሴት ከትቼ፣ ስሙ እስኪያልፍ ጠበቅሁና በር ላይ የሰቀልከውን ድምፅ ማጉያ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። የጭፈራ ዘፈን ነበር። እትዬ አስካለ ነጠላውን ከአፋቸው አውጥተው «ልጄን!» ብለው ጮኹ። ከእኔ በቀር ማንም አልሰማቸውም። ውጪ መንገደኛው ትከሻውን እየሰበቀ ያልፋል፤ ከጠባቂዎቹ አንዱ በጫማው መሬቱን እየመታ ዘፈኑን ይከተላል።

ከዚያ ወዲህ ለገበያ ስቀዳ ስሞቹን እዘላቸዋለሁ። እትዬ አስካለ ለማን ምን እንዳሉ አላውቅም፤ እናቶች ግን ካሴት የሚያስቀዱ መስለው ይመጣሉ። ከኋላ ክፍል ገብተው አንተ ልጃቸውን ስትጠራ ይሰማሉ፤ ከዚያ እኔ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ። የአረቡ ልጅ ደስታ አበዛች ይላል ሰፈሩ።

እስካሁን አሥራ አንዱ ተለቅሶላቸዋል። የቀሩትን አሥራ ሁለቱን አልረሳቸውም፤ አንተንም፣ ብቻህን በሩን ዘግተህ ስማቸውን ስትጠራ የዋልከውን፣ በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም። ነገ የከድር እናት ይመጣሉ። ዘፈኑ አጭር ስለሆነ ሁለት ጊዜ አጫውተዋለሁ።

ልጅህ ዘህራ