ያልታጠበ ልብስ የሚቀበሉት ወይዘሮ ቡዋሎይ

በ2541 ዓመተ ቡድሃ፣ ውሃ በመረጫጨት በሚከበረው የአዲስ ዓመት በዓል፣ በሶንግክራን የመጀመሪያ ቀን ረፋድ ላይ፣ የወርቅ ቤቱ ባለቤት ሱንቶን፣ በዶክተር ፒምጃይ የእንስሳት ሆስፒታል በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ ፋንድያ ዛቂ! አንተንም ያቺን የውሻ ሞግዚት እህትህንም ከዚህ ከተማ ነው የማስነቅላችሁ!» ብሎ እኔን ባለጋሪውን ሰድቦኛል። ይህን የማነሳው በእህቴ ቀብር ላይ የሚታደለውን ይህን የመሸኛ ጽሑፍ ለማበላሸት አይደለም። የእትዬ ቡዋሎይ ትልቁ ቀን ያው ቀን ስለሆነ፣ ስድቡን ዘልዬ የእሳቸውን ታሪክ መጻፍ ስላልሆነልኝ ነው። ጽሑፉን የሚያሳትሙት ሰዎች ከልደታቸው ጀምር ብለውኛል። እሺ፣ ከልደታቸው።

ወይዘሮ ቡዋሎይ ከአባታቸው ከጋሪ ነጂው ከአቶ ሙን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋይ በ2493 በላምፓንግ ከተማ፣ ዋንግ ወንዝ ዳር ተወለዱ። በሰፈሩ የቡድሃ መቅደስ ግቢ በነበረው ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። እናታችን ስትሞት ትምህርቱን ትተው እኔን ታናሻቸውን አሳደጉ። በ2515 የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ኢንታ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ፣ ማሊዋንን አፈሩ። ባለቤታቸው በወጣትነታቸው አረፉ። እትዬም በ2528 በዶክተር ፒምጃይ ሆስፒታል በጽዳት ተቀጠሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ጌቶቻቸው አገር ቤት ሲሄዱ እዚያ የሚያድሩትን ውሾችና ድመቶች ተረከቡ። ሕይወታቸውም ያ ሆነ።

በዚያ ሆስፒታል ዶክተሯ ያወጡት አንድ ደንብ ነበር። እንስሳ የሚያሳድር ሰው ለብሶት የዋለውን፣ ያልታጠበ ልብስ አብሮ ይሰጣል፤ እንስሳው የጌታውን ሽታ ይዞ እንዲተኛ። ደንቡን ያወጡት ዶክተሯ ይሁኑ እንጂ ልብሱን ከሰው እጅ የሚያወጡት እትዬ ነበሩ። በእኛ አገር የቆሸሸ ልብስን ለባዕድ መስጠት ትልቅ ነውር ነው።

«ኧረ እትዬ፣ ላብ ላብ ይላል፤ ያሳፍራል» ይላሉ ሰዎቹ።

«ላቡን ነው የፈለግነው። ሳሙና ናፍቆት ያለቀሰ ድመት እስካሁን አላየሁም» ይሏቸዋል።

በ2541 ሱንቶን ቤቱ በበዓሉ እንግዳ ስለሚሞላ ካኑን የሚባለውን ቢጫ ውሻውን ሲያመጣ፣ ልብስ ብሎ የሰጠው ታጥቦ የተተኮሰ፣ ሽቶ ሽቶ የሚል ሸሚዝ ነበር። እትዬ «ይኼማ ከሱቅ የመጣ ይመስላል፤ ሌላ አምጡ» ቢሉት «እኔ ቆሻሻዬን ለሰው አላሳይም!» ብሎ ትቷቸው ሄደ።

በበዓሉ የመጀመሪያ ቀን ሊነጋጋ ሲል፣ አሮጌውን ዓመት ለማባረር ከተማው በሙሉ ርችት ይተኩሳል። ሌሎቹ ውሾች አፍንጫቸውን በየጌቶቻቸው ልብስ ውስጥ ቀብረው ተንቀጠቀጡ። ካኑን ግን ምን ውስጥ ይቅበር? የበሩን ሽቦ በጥርሱ ቀዶ፣ አጥሩን ዘሎ ጠፋ። ሱንቶን ሰምቶ መጣ፤ መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትንም ስድብ ያኔ ተናገረ። እሱ ሲሄድ ዶክተሯ እትዬን ወደ ጎን ወሰዱና፣ «ቡዋሎይዬ፣ ካኑን እስከ ማታ ካልተገኘ ማሳደሩን መዝጋቴ ነው። ማን ከእንግዲህ እኛን ያምናል?» አሏቸው። እትዬ አላለቀሱም። ወደ እኔ ዞረው «አንተ፣ ምን ቆመሃል? ጋሪውን አምጣ!» አሉ።

በቀጥታ ወደ ወርቅ ቤቱ ነዳሁ። እትዬ በደንበኞቹ ፊት፣ በአክብሮት መዳፎቻቸውን ደረታቸው ላይ አጋጥመው፣ «አቶ ሱንቶን፣ የለበሱትን ካናቴራ ያውልቁልኝ» አሉት።

«አብደሻል? ሰው ፊት ልራቆትልሽ?»

ይኼኔ እናቱ እማማ ኬሶን በላይኛው መስኮት ብቅ አሉ። «ውሻውን የማበላው እኔ! የሚተኛው እኔ ጋ! አንተን የት ያውቅሃልና?» ብለው፣ የቀየሩትን ያልታጠበ ሽርጣቸውን ወረወሩልን። ሽርጡ ግን እኛ ጋ አልደረሰም። ሱንቶን አናት ላይ ተጠመጠመ!

የሴት ሽርጥ አናቱ ላይ ያረፈበት ወንድ ዕድሉ ሁሉ ይረግፋል ይባላል። መንገዱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ሁሉም ስቋል። እትዬ ብቻ ሳይስቁ ሽርጡን ከራሱ ላይ ቀስ አድርገው አንስተው፣ በላስቲክ ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ጋሪው ላይ ወጡ።

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ! ቀኑ ሶንግክራን፣ በየደጁ በርሜልና ባልዲ ይዞ የቆመ ሕዝብ፤ እህቴ ደግሞ ሽታው እንዳይታጠብባቸው «ውሃ አትርጩብን! ዛሬን ተዉን!» እያሉ ይጮኻሉ። በሶንግክራን ይህን ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሰማ ሁሉ ባልዲውን ይዞ ሮጠብን! ፈረሴ ሽምጥ ጋለበ፤ እትዬ ሽርጡን በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን አቅፈው፣ ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው፣ «ካኑን! ካኑንዬ!» ይላሉ። ገበያውን ዞርን፤ ድልድዩን ተሻገርን። አንዲት እሸት በቆሎ ሻጭ «ቢጫ ውሻ? መቅደሱ ግቢ ገባ!» አለችን።

ካኑን በእንጨት ቋሚዎች ላይ ከፍ ብሎ በተሠራው የመነኮሳቱ ቤት ወለል ሥር፣ ጨለማው ውስጥ ነበር። ሲጠሩት ይባስ ብሎ ወደ ውስጥ ሸሸ። እትዬ ሽርጡን ከላስቲኩ አውጥተው መሬት ላይ ዘረጉትና ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀመጡ። መጀመሪያ አፍንጫው መጣ። ከዚያ ራሱ። ከዚያ ሁለመናው ሽርጡ ላይ ወድቆ እንደ ልጅ አለቀሰ። ያን ጊዜ የጮኽኩት ጩኸት ፈረሴን አስደነበረው!

ወርቅ ቤቱ ስንደርስ ሕዝቡ አጨበጨበ። ሱንቶን የውሻውን ገመድ ከእጄ ነጥቆ፣ «እህትህን አመሰግናለሁ። አንተን ግን ስትስቅ አይቼሃለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ስንገናኝ ፊታችንን እናዞራለን። ማሳደሩ ግን አልተዘጋም፤ እንዲያውም ከአጎራባች ከተሞች ሁሉ ውሻና ድመት ይመጣ ጀመር። ሱንቶንም በየዓመቱ ውሻውን ሲያመጣ የለበሰውን ካናቴራ እዚያው አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ለእትዬ ይሰጣቸው ነበር። ለእኔ ምንም ብሎ አያውቅም።

ወይዘሮ ቡዋሎይ ከ2561 ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር ወር 2562 በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ልጃቸውን ማሊዋንን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን እና እኔን ወንድማቸውን ትተዋል። እዚያ ሆስፒታል ያሳደሯቸውን እንስሳት ልዘርዝር ብል ይህ ወረቀት አይበቃም። ለፈራ ሁሉ የሚያውቀውን ሽታ ያቀርቡ የነበሩ እህቴ፣ እሳቸውንም በሚሄዱበት መንገድ የሚያውቁት ሽታ ይቀበላቸው፤ መልካም ሥራቸው ይምራቸው።

በአስከሬናቸው እጅ ላይ ውሃ ስናፈስ ሱንቶንም መጥቶ ነበር። አርጅቷል። ውሃውን አፍስሶ፣ በልማዳችን ይቅርታ ጠየቃቸው። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ለቀብሩ ብሎ ከካኑን በኋላ ያሳደገውን ውሻውን ሆስፒታል አሳድሯል፤ ያወለቀው ካናቴራ በእጁ ነበር።

«ዛሬ ለማን ልስጠው?» አለኝ። ቀጥሎም «ሃያ ዓመት አለፈው እኮ። እሷ ይቅር ብላኛለች። አንተስ?» አለ።

የውሾቹ የራት ሰዓት ደርሶ ነበር። ካናቴራውን ከእጁ ተቀበልኩና፣ ለውሻው ላደርስለት ጋሪዬን ወደ ሆስፒታሉ ነዳሁ።