ኢንሹራንሱ በማን ስም ይሁን

ለትልቋ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ብርድ እንዳይመታሽ፣ ምሳ እንዳትዘልዪ እሰጋለሁ። እኛ ደህና ነን። ደህና ስል አሁን ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ እንበላለን፣ እንተኛለን፣ በር ሲንኳኳ ግን ሦስታችንም እንደነግጣለን። ታናሻችን ሚጣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እማዬ ወደ ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ሥራዋ ተመልሳለች። አንሶላ ስትተኩስ ማልቀስ ይቀለኛል ትላለች፤ የሚያያት ሰው እንፋሎቱ ነው ብሎ ያልፋል።

በስልክ ልነግርሽ ያልቻልኩት ነገር ስላለ ነው የጻፍኩልሽ። እማዬ እንደምታውቂያት ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ፣ ሁላችንን ዙሪያዋን ኮልኩላ ነው የምታወራው። ይህ ደግሞ በጎረቤት ፊት የሚወራ አይደለም።

ነገሩ የኢንሹራንስ ነው። ወንድማችን «እኔ ኢንሹራንስ ያለኝ ሰው ነኝ፣ በክብር ያዙኝ» እያለ ሲቀልድ ታስታውሻለሽ? አንቺ ከቀብሩ ከተመለስሽ በኋላ አጎታችን ወኪሉን ቤት ድረስ ይዞት መጣ። ወኪሉ ረጅም፣ ክራቫቱ አንገቱን የያዘው ወጣት ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ላቡን እየጠረገ፣ ወንድማችን የገባው የአደጋ ኢንሹራንስ ብቻ መሆኑን ነገረን። በያጅ አልነበር? የፈራው እሳቱንና ከመሰላል መውደቁን ነው። ትኩሳትን ማን ይፈራል? ወኪሉ «ይሄኛው በሽታን አይሸፍንም፣ እናቴ» ሲላት፣ እማዬ «ደህና የዋለ ልጄ ከእጄ ላይ መሄዱ አደጋ ካልሆነ አደጋ የሚባለው ምንድን ነው?» አለችው። ልጁ ውሃ እንኳን ሳይጠጣ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ጥቁር ሰሌዳው አይታየኝም። አስተማሪው ስለ ማዕዘን ያወራል፤ እኔ አሁን እማዬ አንድ ነገር ብትሆን የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል፣ ሚጣን ማን ያስተምራታል እላለሁ። አጎታችን የራሱ ልጆች አሉት፤ የታክሲው ሞተር ደግሞ ከልጆቹ በላይ ይበላል። ሲጨንቀኝ ከነዩኒፎርሜ ወኪሉ ቢሮ ሄድኩ። እንደገና መጥቶ ሁሉንም ዓይነት ከመጀመሪያው እንዲያስረዳን ለመንኩት፤ ወንድማችን ያላየውን እኛ አይተን እንድንመርጥ።

ወኪሉ ቅዳሜ ዕለት መጣ። የሕይወት ኢንሹራንስ ሁለት ዓይነት ነው አለን። አንዱ በውሉ ዘመን ውስጥ ሰውየው ከሞተ ብቻ የሚከፍል ነው፤ ካልሞተ የሚመለስ ነገር የለም፣ ክፍያውም ለዚህ ይረክሳል። ሌላው ቁጠባም አለበት፤ ዘመኑ ሲያልቅ ገንዘቡን ይመልሳል፣ ግን ውድ ነው። አጎታችን ጣልቃ ገብቶ «ታክሲዬ ሦስተኛ ወገን አላት። ለሰው ሦስተኛ ወገን የለውም?» ሲለው እማዬ ሳቀች። ወንድማችን ካረፈ ወዲህ እሷ ስትስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። ሚጣ ደግሞ ወኪሉን ትክ ብላ አይታ «አንተስ ገብተሃል?» አለችው። «ልገባ ነው» አለ ክራቫቱን እያላላ። አጎታችን አለቀቀውም፤ «ራስህ ያልቀመስከውን ነዋ ቅመሱ የምትለን!» አለው።

ከዚያ ወኪሉ ቤቱ የቆመው በማን ገቢ እንደሆነ ጠየቀ። ኢንሹራንሱ በዚያ ሰው ስም ቢሆን ይሻላል አለ። ያንቺን ስም የጠራ የለም። እማዬ ተነስታ ማዕድ ቤት ገባችና የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች። አጎታችን ጉሮሮውን ጠርጎ «ትልቋ ልጅ ናት። ሌላ ከተማ የወረቀት ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ትሠራለች። ቤቱ በእሷ ነው» አለ። እማዬ ከውስጥ ሆና «በእሷ ስም አይሆንም! አንዱን ቀብሬ፣ በሌላዋ ሞት ላይ ዋጋ ልቆርጥ?» ብላ ጮኸች።

እህቴ፣ አልደብቅሽም፤ እኔ የፈለግሁት በአንቺ ስም እንዲሆን ነበር። ስም መጻፍ ሰው አይገድልም ብዬ ተከራከርኳት። አፍሬያለሁ፣ ግን ፍርሃቱ ከሀፍረቱ በለጠብኝ። በመጨረሻ «እንግዲያው ራሷን ጠይቋት» አለች። ወኪሉም አንቺን ከማስጨነቃችን በፊት ደመወዝሽን ከመሥሪያ ቤትሽ ላጣራ አለ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ ቢሮው ሄድኩ። እኔ እያለሁ ወኪሉ ወደ ፋብሪካው ደወለ፤ ሒሳብ ክፍል አገናኙት። አንዲት ሴትዮ አነሱ። ስምሽን ከነአባትሽ ነገራቸው። ከዚያ ማን ነው የሚጠይቀው አሉ መሰለኝ፣ ስልኩን ለእኔ አቀበለኝ። ወንድሟ ነኝ አልኳቸው። ደግ ሰው ናቸው። «ወንድሟ ነህ? ውይ የኔ ልጅ፣ ከሄደች ወዲህ ናፍቃናለች በልልኝ» አሉኝ። እሺ እላታለሁ አልኩ። ይኸው አልኩሽ።

ወኪሉ እስክሪብቶውን ከደነ። «ለእናትህ ምንም አልነግራትም» አለኝ። «ምን አለና ነው የምትነግራት?» አልኩት። ተቆጥቼ ነው የወጣሁት፤ በማን እንደተቆጣሁ እንጃ። መንገድ ላይ የወንድማችን ወዳጆች ሰላም ሲሉኝ አለፍኳቸው አሉ፤ አላየኋቸውም።

ቤት ደርሼ እማዬን ልክ ነበርሽ፣ በእህቴ ስም አይሆንም፣ በአንቺ ይሁን አልኳት። ሟርት ነው ብላ የምታብድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን «የኔን ጻፉ። ድሮም የኔን ማለት ነበረባችሁ» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። የጤና ምርመራ ያስፈልጋል ሲሏት የክት ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። ሐኪሙ ደም ግፊቷን ለክቶ ሳይጨርስ «አለፍኩ?» አለችው። ከእኔ ይሻላሉ ብሏታል፤ ይኸው ሰፈሩን ስትጎርርበት ሰነበተች። የመረጥነው ርካሹን ነው፣ ሚጣ ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስ የሚቆየውን። አጎታችን «እንግዲህ ካልሞተች ከሰርን» ሲል «እናንተን ለማክሰር ስል እኖራለሁ» አለችው።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው አንድ ነገር እንድታውቂልኝ ነው። ሒሳቡን የአንቺን ገንዘብ ሳልቆጥር ሠርቼዋለሁ። ኪራዩም፣ የሚጣ ትምህርትም፣ የኢንሹራንሱ ክፍያም በእማዬ ደመወዝና እኔ ቅዳሜና እሁድ የአጎታችንን ታክሲ አጥቤ በማገኘው ይሸፈናል። ጠባብ ነው፤ ግን ይበቃል። ትምህርቴንም አላቋርጥም፣ አትስጊ። የምሰጋው እኔ ነኝ። አሁን የት እንደምታድሪ፣ ከሥራ ስትወጪ የሚሸኝሽ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። አልጠይቅሽምም።

ትናንት የላክሽው ገንዘብ በስልኬ ገባ። አልነካሁትም፤ ወደ አንቺው መልሼዋለሁ። ለመንገድ ይበቃል፣ ትኬቱን አጣርቻለሁ። ለእማዬ ደመወዝ ዘግይቶባት ነው አልኳት። እሷ ሚጣን ፀጉሯን ስትሠራ ነበር፤ ቀና ሳትል «ለቀብሩ ስትመጣ እጇን አይቼዋለሁ። እርሳስ የያዘ እጅ እንደዚያ አይላጥም» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ዛሬ ከሥራ ስትመለስ የእጅ ቅባት ገዝታ መጣች። ለማን ነው ስላት «ለሚመጣ ሰው» አለችኝ።

ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ። ከክፉ ሰው፣ ከክፉ ቀን ይሰውርሽ። ደግሞም በእግርሽ መልሶ ለዓይናችን ያብቃሽ።

የሚወድሽ፣ አሁን ብቸኛው
ወንድምሽ