የዳማው ጾም ስለ መሻሩ

ጌታሰው፥
ወደ ፃግብጂ የሚወስደኝ መኪና ደጅ ላይ ጡሩንባውን እየነፋ ነው፤ እንቅልፍህን ሳልረብሽ ሄጃለሁ።

የእንስሳት ሐኪሙ ትናንት ፈረሳችንን ዳማውን መርምሮ ጨጓራው መቁሰሉን አረጋግጧል። የፈረስ ጨጓራ ባዶ ሆኖም አሲድ ማመንጨቱን አያቆምም፤ የሚያበርደው ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ የሚበላው ድርቆሽ ነው። አንተ ግን ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ቅዳሴ ሳይወጣ አንዲት ሰበዝ አላስቀመስከውም። "ቤቱ ሁሉ እየጾመ እሱ ፊቴ ላይ ይቆረጥማል እንዴ?" ነበር ያልከው። ዳማው ስስ ፍጥረት ነው፤ ሲያመው ጥርሱን ያፋጫል እንጂ አይከራከርህም።

ስለዚህ ጎህ ሲቀድ መድኃኒቱን ስጠው፤ ከዚያ ድርቆሹን። ገብስ ከድርቆሹ በኋላ ብቻ፣ ያውም በእፍኝ።
በባዶ ሆዱ አትጋልበው። ቁስሉ ከተበሳ ፈረስ እንደማይኖረን ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነግሮናል።

ትናንት "ግብዝ" ማለቴ በዛ።
"ግትር" ይበቃ ነበር።

በእኔ ቃል እንደማትረታ ስለማውቅ የንስሐ አባትህን ጠየቅኋቸው። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁና፣ "ለፈረስ ጾም ማን አዘዘ? ይብላ እንጂ! ጌታሰው ግን ባዶ ሆዱን ካዋለው፣ ያን ቀን እሱም እስከ ማታ ይጹም በለው" አሉኝ።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው። ድርቆሹን ግን አስቀድም፤ አከራያችን እትዬ ለተሥላሴ በረቱን እያዩ ለአባ እንዲነግሩ አደራ ተቀብለዋል፤ በደስታ።

ማንደፍሮ