የመሸሻ ምግብ ለካቫሊየሬ ወንድይፍራው

መጋቢት 26 ቀን 1933 ዓ.ም.
ኮልፌ

ለክቡር ካቫሊየሬ ወንድይፍራው፣
በኢጣልያ መንግሥት መልካም ፈቃድ ባለ ማዕረግና የኮልፌና የቀራንዮ ሹም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ለወጉ ያህል የምጠይቅ እንዳይመስልዎ። በዚህ በሁዳዴ ለእርስዎ ዕድሜ ከእኔ አብልጣ የምትጸልይ ሴት በአገሩ የለችም። ጥማቱ ጋብ አለልዎ? እግርዎን የሚያቃጥለውስ?

ባለፈው እሑድ ያለ አጃቢ ከደጄ መጥተው፣ ባርኔጣዎን አውልቀው፣ “እመት ወለተጻድቅ፣ ባለቤትዎ ስኳር ይዞት ስድስት ዓመት የኖረው ምን እየበላ ነው? እባክዎ አይደብቁኝ” ብለው ነበር። እኔም በጽሑፍ አቀርባለሁ አልኩዎት። ይኸው ቃሌን ጠብቄያለሁ። ጠቃሚ ምክር ለአንድ ሰው ብቻ ሲሆን ስለሚያሳዝን ግን አንዱን ቅጂ እርስዎ አዋጅ በሚያስለጥፉበት የገበያ ዋርካ ላይ፣ ሌላውን በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም በር ላይ ለጥፌዋለሁ። “እመት” ስላሉኝም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ስሜ “አንቺ ሴትዮ” ነበር።

ለማያውቅ አንባቢ ልናገር። ባለቤቴ መሸሻ ቆዳ ነጋዴ ነበር፤ ጠጅና ማር የሚወድ፣ ሳቁ ከሆዱ የሚወጣ ወፍራም ሰው። በ1924 ዓ.ም. ውሃ አልጠግብ አለ፤ ሽንቱን በሸናበት ቦታ ጉንዳን ይሰፍር ጀመር። ሐኪም ዘንድ ስወስደው ስኳር ነው ተባለ። ሐኪሙ፣ “መርፌው ከባሕር ማዶ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ሰውነቱ ከቀነሰና አፉን ከጠበቀ ግን ይኖራል” አለኝ። ጠበቅሁለት። ስንጣላ፣ ስንታረቅ፣ ሌሊት ተነሥቶ ማር ሲሰርቅ ስይዘው፣ በቆዳ ሚዛኑ ላይ በየወሩ እያቆምኩ ስመዝነው፣ ከስድስት ፈረሱላ ወደ አራት ተኩል አወረድኩት። ጉንዳኑም ጠፋ። እንደ ጎረምሳ ኮልፌን ሽቅብ ቁልቁል ይል ነበር።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ በሐምሌ 1930 ዓ.ም. “ለሽፍቶች የዝናር ቆዳ ልኳል” ብለው መሸሻን ከቤቱ አስወስደው በግቢዎ ስላሰሩት አመሰግናለሁ። ትጋትዎ የሚያስደንቅ ነው። የያዙት ግን የተሳሳተ ሰው ነው፤ ቆዳውን ሱቁ ውስጥ የቆረጥኩት እኔ፣ በጭድ ሸፍኜ ለአርበኞቹ ያደረስኩትም እኔ ነኝ። መሸሻ ያወቀው ከታሰረ በኋላ ነው፤ በበሩ ስንጥቅ ብነግረው፣ “ዝም በይ፣ አንቺ ውጭ ሁኚ” አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ይህን ዝምታዬን በእርስዎ ሒሳብ ላይ አልጨምረውም፤ የራሴ ነው።

፪ኛ፦ በየቀኑ የገብስ ቂጣ፣ ጎመንና ምስር ይዤለት ስመጣ ለውሾችዎ ስላስደፉልኝ ውሾችዎ ያመሰግኑዎታል። ለመሸሻ የፉርኖ ዳቦና ስኳር የሞላበት ሻይ እንዲሰጠው አዘዙ። ከእግርዎ ሥር ወድቄ፣ “ጌታዬ፣ ይህ ይገድለዋል፤ ስኳር አለበት” ስልዎ፣ ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? ዘበኛዎ ደሜ ያስታውሳል፣ ቆሞ ነበር። “አንቺ ሴትዮ፣ መንግሥት ስኳር ሲያበላው ጎመን ታመጪያለሽ?” ብለው ሳቁ። ከዚያ እጅዎን ኪስዎ ከተው አንድ ከረሜላ አውጥተው፣ “ይህንንም ጨምሪለት” አሉኝ።

፫ኛ፦ በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ገብቼ እንዳየው ስለ ፈቀዱልኝ። ምላሱ ደርቆ ከላንቃው ተጣብቋል። ትንፋሹ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። “መሸሻ” ብዬ ብጠራው አልሰማኝም። በማግሥቱ ሬሳውን ሳያጉላሉ ስለ ሰጡኝ ደግነትዎን አልረሳም። ተሸክመን ስናወጣው ቀሎን ነበር።

እንግዲህ የጠየቁኝን ልንገርዎ፤ አንዲት ቃል አልደብቅዎትም። ማር፣ ጠጅ፣ ብርዝ፣ ስኳርና ከረሜላ እርም ይበሉ። ፉርኖና መኮሮኒ ይተዉ። ገብስ ይብሉ፣ ምስርና ሽምብራ ይብሉ፣ ጎመን እንደልብዎ። ጠግበው አይነሡ፤ ደግሞም ምግብ አይዝለሉ፣ ጥቂት ጥቂቱን በሰዓቱ ይቅመሱ። በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ፤ በቅሎና ኦቶሞቢል ሰው ለሚያከብረው ነውና እርስዎን አይመለከትም። እግርዎን ማታ ማታ ይዩ፤ ቁስል ካለ አይናቁት። በየወሩ ይመዘኑ። የመሸሻ ሚዛን ከእኔ ዘንድ አለ፤ ሲመጡ አልከለክልዎትም።

ሰው ሁሉ፣ “ለባልሽ ገዳይ እንዴት ይህን ታስተምሪያለሽ?” እያለ ይወቅሰኛል። ባለቤትዎ ወይዘሮ ሸዋገነት እንኳ ትናንት እጄን ስመው፣ “እርስዎ የዋህ ነዎት” ብለው አለቀሱ። የዋህ አይደለሁም፣ ካቫሊየሬ። የጣልያኖቹ ካሚዮኖች ወደ ጅማ መሸሽ ከጀመሩ ሦስት ቀን ሆናቸው። ንጉሡ በቅርብ ይገባሉ፤ ዳኛም ይቀመጣል። ያን ቀን እርስዎ በስኳር ደንዝዘው፣ ዐይንዎ ፈዞ፣ ስምዎ ሲጠራ የማይሰሙ ሰው ሆነው እንዲቀርቡ አልፈልግም። በሁለት እግርዎ ቆመው፣ ልብዎ ነቅቶ፣ ዘበኛዎ ደሜ ሲመሰክር አንዷም ቃል ሳታመልጥዎ እንዲሰሙ እፈልጋለሁ። እሥር ቤትም ከገቡ አይስጉ። ገብሱን ራሴ ቀቅዬ በየቀኑ አመጣልዎታለሁ። እንዲያው አይሙቱብኝ ብዬ ነው።

ጤናዎን ከልቧ የምትሻ፣ ዕድሜዎን እንደ ዐይኗ ብሌን የምትጠብቅ፣ ከእርስዎ ደጅ እስከ ዳኛ ደጅ የማትለይዎ፣

ወለተጻድቅ፣ የመሸሻ ሚስት

ማስታወሻ፦ ለጅማ መንገድ በቅሎ እያፈላለጉ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ደላላው ሽኩር ሦስት ጊዜ “ነገ ይመጣልዎታል” ያለዎት እኔ ለምኜው ነው። ነገም “ነገ” ይልዎታል።