በአንድ እጅ ማሳረፍ

ውድ ካፒቴን፣

ከጠዋት ጀምሮ ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብዬ ልጽፍ እየሞከርኩ ነው። ሁለት መስመር እጽፍና እነሳለሁ። የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ፣ የተዘጋ መስኮት ተዘግቶ እንደሆነ አያለሁ፣ እመለሳለሁ። ስደውልልሽ ልጅሽ ታነሳና “ቲቸር፣ እማዬ ተኝታለች” ትለኛለች። አጠገቧ ሆነሽ ጣሪያውን እያየሽ እንደሆነ ግን ድምጿ ይነግረኛል። ለደብዳቤ “ተኝታለች” አይባልም፤ ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ባለፈው ሳምንት ልጅሽ ራሷ ደውላልኝ ነበር። “የታዘዘላትን እንቅስቃሴ አልሠራም ብላለች። በግራ እጇ እንድትጨብጠው የሰጧትን የላስቲክ ኳስ ወርውራ የአባዬን መነጽር ሰበረችው” አለችኝ። የስፖርት አስተማሪ ኳስ ቢሰጡት ምን ያደርጋል ብዬ ልስቅ ስል፣ “እጇን አሁን ካላሠራችው እንደ ደረቀ ይቀራል ተብለናል” አለችኝ። ከዚያ የደወለችበትን ነገር ጠየቀችኝ። “ያንን በኮምፒውተር የምታበርሩትን ነገር ብጭንላትስ? እሷን ስጠይቃት ‘ከእንግዲህ ተሳፋሪ ነኝ’ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከሦስቱ ጨዋታዎች የቱ ነው ቀላሉ?”

ተሳፋሪ! ቃሉ ይኸው እስከ ዛሬ አላስቀመጠኝም።

እኔ ደግሞ ሳልፈትን ውጤት እንደማልሰጥ ታውቂያለሽ። “ጊዜ ስጪኝ” አልኳትና ግራ እጄን በሻርፕ ከወገቤ ጋር አሥሬ ሦስቱንም በተራ አበረርኳቸው።

ስም ያወጣሽላቸው አንቺ ነሽ። የመጀመሪያውን ይቅርታ ስለማያውቅ “ርዕሰ መምህሩ” አልሽው። ሞተሩን በቅደም ተከተል ካላስነሳነው አይነሳም፣ ነፋስ ከጎን ሲመታው ይንሸራተታል፣ ጥፋት ካጠፋን ዝም ብሎ ይከሰክሰናል። ሁለተኛው “ሥዕል አስተማሪው” ነው፤ ደመናውን፣ ሐይቁን፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሳይቀር አሳምሮ ይሥላል፣ አውሮፕላኑ ግን በሐዲድ ላይ እንዳለ ባቡር ይሄዳል። ሦስተኛውን “እረፍት” አልሽው፤ ደወል ተደውሎ ሜዳ ላይ እንደ ፈሰሱ ተማሪዎች ነው። ፎቅ ብንገጭ እንኳ ነጥረን እንቀጥላለን።

ጡረታ ከወጣን ወዲህ በእነዚህ ሦስቱ ስንት ተጨቃጨቅን! እኔ ለጂኦግራፊ አስተማሪ እውነት ማለት መሬቱ ነው እላለሁ፤ ወንዙ በቦታው ከሌለ፣ ተራራው ከፍታው ከተዛባ፣ ምኑን በረርኩት? አንቺ ደግሞ “መሬቱን ምን ላደርገው? እኔ የምበረው አየር ላይ!” ትይኛለሽ። ደስታውም ቢሆን ለእኔ ማየቱ ነው፣ ለአንቺ ማላብ ነው። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ስትታገዪ ሸሚዝሽ ከጀርባሽ ይጣበቅ ነበር። አንድ ቀን እንግዶች መጥተው ባለቤትሽ “አንድ ጊዜ አቁሚውና ሰላም በያቸው” ቢልሽ “አውሮፕላን ሰማይ ላይ ይቆማል?” አልሽው። እንግዶቹ ሻያቸውን ጠጥተው፣ ጀርባሽን ተሰናብተው ወጡ። አንደኛው በሩ ላይ “ካፒቴኗ ሲያርፉ ሰላም በሉልን” ሲል ሁላችንም ስንስቅ አንቺ ብቻ አልሳቅሽም፤ ነፋሱ ተነስቶብሽ ነበር።

የታመምሽ ቀንም አላቆምሽውም። ይህን የነገረኝ ባለቤትሽ ነው። ልታርፊ ስትይ ጠረጴዛው ላይ ከመሪው በስተግራ የተገጠመው፣ የሞተሩን ጉልበት የሚቀንሰው እጀታ እምቢ አለሽና “እጀታው ደርቋል፣ ዘይት አምጣልኝ” ብለሽ ጮኽሽ። እሱም የታዘዘውን ሰምቶ የወጥ ቤት ዘይት በማንኪያ ይዞ መጣ። ሊያንጠባጥብ ጎንበስ ሲል ነው ግራ እጅሽ እጀታው ላይ እንደሌለ ያየው። ከወንበሩ ጎን ተንጠልጥሎ ነበር። “ተይው፣ እንሂድ!” ቢልሽ “ላሳርፈው!” አልሽ። በቀኝ እጅሽ መሪውን ለቅቀሽ እጀታውን፣ እጀታውን ለቅቀሽ መሪውን ስትይዢ አውሮፕላኑ ከማረፊያው አስፋልት ወጥቶ ሣር ውስጥ ገባ። ሆስፒታል ደርሳችሁ ሐኪሙ ስለ እጅሽ ቢጠይቅሽ አንቺ ስለ ሣሩ ነገርሽው።

እንግዲህ ውጤቱን ልንገርሽ።

በእረፍት አልተቸገርኩም። እጄ ታሥሮ፣ ዓይኔ ግማሹን ሰዓት ሻርፑ ላይ ሆኖ፣ አውሮፕላኑ ራሱ ሄዶ አረፈ። አዘነልኝ። ልጅሽ ዳቦ ቆራርሳ ስታቀርብልሽ ሳህኑን እንደምትገፊው ሰምቻለሁ፤ ይህንንም ከወንበርሽ ሳትነሺ ትገፊዋለሽ። ሠረዝኩት።

ሥዕል አስተማሪው እኔን አስደስቶኛል፣ አልዋሽሽም። አንድ ወንዝ ከምንጩ እስከ መውደቂያው ተከትዬ ወረድኩ፤ መታጠፊያዎቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። ግን መሪውን ለቅቄ አገጬን ተደግፌ እንደማይ ዘግይቼ ነው ያወቅኩት። ይህ የመስኮት ወንበር ነው። ተሳፋሪ የሚያደርገው ደግሞ እሱ ነው። እሱንም ሠረዝኩት።

ቀረ ርዕሰ መምህሩ። መሪውን ለቅቄ እጀታውን ስይዝ አንዱ ክንፍ ይወድቃል፣ መሪውን ልይዝ ስል ፍጥነቱ ይከዳኛል። ሣር ውስጥ ገባሁ። እንደገና ሞከርኩ፤ ሣር። ቅደም ተከተሉን ለወጥኩ፣ ወንበሩን አስጠጋሁ፣ በጉልበቴ ልገፋው ሁሉ ሞከርኩ። ሣር! አርባ ዓመት የተማሪ ጫጫታ ችዬ ኖሬ ሻርፑን ፈትቼ ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። ያኔ ለሐኪሙ ስለ ሣሩ የነገርሽበት ምክንያት ገባኝ። አንቺን የጎዳሽ ከእጅሽ ይልቅ ሣሩ ነው።

በማግስቱ ለልጅሽ ደወልኩና “ከባዱን ጫኚላት” አልኳት።

“ቲቸር፣ ምን ነካዎት? ለሁለት እጅ የሚከብደውን ብቻዋን እንዴት አድርጋ ነው የምታበረው?”

“ብቻዋን?” አልኩ።

“ሃሎ? ቲቸር? አሉ?”

አለሁ፣ ግን እያሰብኩ ነበር። ትልቅ አውሮፕላን ማን ብቻውን ያበራል? እኛ ግን ሁልጊዜ በተራ ነበርን። አንዳችን ስናበር ሌላችን ከኋላ ቆመን ስህተት እንለቅማለን። መመሪያውን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ቁጭ ብዬ፣ ቆሜ፣ ምድጃው ላይ ሻይ እየገነፈለብኝ። ርዕሰ መምህሩ በሁለት ቤት ያሉ ሁለት ሰዎችን አንድ አውሮፕላን ውስጥ ያስቀምጣል። አንዱ መሪውን፣ ሌላው የቀረውን ይይዛል። አንድ ክፍል ውስጥ ስለምንቀመጥ ፈልገነው አናውቅም።

ለመሞከር በእናንተ በኩል ሰው አስፈለገኝ። ባለቤትሽ “እኔ መኪና እንኳ አልነዳም” አለኝ። “ዘይት አምጥተዋል፣ የጥገና ልምድ አለዎት” አልኩት። ልጅሽ ሳሎን ውስጥ አስተካክላ ጫነችለት። ትናንት ከሰዓት አንቺ ክፍልሽ ውስጥ ነበርሽ፣ በሩ ገርበብ ብሏል። እሱ መሪውን፣ እኔ ከቤቴ ሆኜ እጀታውንና ጎማውን ያዝን፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ከፍተነዋል።

“ጋሼ፣ አፍንጫው ወዴት ነው?”

“የማን?”

“የአውሮፕላኑ!”

“ሰማይ ሰማዩን ያያል።”

“ቀስ አድርገው ወደ ታች ይግፉት።”

“ገፋሁት። አሁን ደግሞ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ፣ ይህ ነገር መሐል የለውም እንዴ?”

እንዲህ እያልን ማረፊያው ተቃረበ። ይሄኔ አንድ ነገር ይጮህ ጀመር።

“ደወል ነው፣ በሩን ልክፈት?” አለ ባለቤትሽ።

“ይቀመጡ! እንግዳው ይጠብቅ!” አልኩ እኔ። እሱን ሳርም የራሴን ሥራ ረስቻለሁ።

ያኔ ነው ከክፍልሽ የጮኽሽው።

“በር አይደለም! ጎማው ነው! ጎማውን አውርዱ እንጂ! ሽማግሌና አሮጊት ተሰብስባችሁ በሆዳችሁ ልታርፉ ነው?”

አወረድኩት። አረፍን ማለት ይከብዳል፤ ሁለት ጊዜ ነጥረን ቆምን። ባለቤትሽ ስልኩን አንስቶ በሹክሹክታ “ሰማሻት?” አለኝ። ሰምቻለሁ አልኩት። ከሆስፒታል ከተመለስሽ ወዲህ ከ“እሺ” እና ከ“ተዉኝ” ሌላ ከአፍሽ ሲወጣ የሰማው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው አለኝ። ትንሽ ቆይተሽም “የትኛው ነው?” ብለሽ ጠየቅሽው፤ “ከባዱ” ሲልሽ “ገመትኩ” አልሽው።

ካፒቴን፣ ያንን ጩኸት ከሌላ ክፍል ሆኖ ሰምቶ የሚለይ ተሳፋሪ የለም። እኔ እንኳ አልለየሁትም።

አላባብልሽም። የጎን ነፋሱን አልቀንስልሽም፣ ደመናውን አልገፍፍልሽም። ለመዝናናት የቱ ይሻላል ብትይኝ አሁንም ሥዕል አስተማሪው ነው እላለሁ፤ ወንዜን ማንም አይነካብኝም። እውነቱ ያለው ግን ርዕሰ መምህሩ ዘንድ እንደሆነ ተረትቼ አምኛለሁ፤ ስትስቂብኝ ልሰማ እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በቀኝ እጅሽ መሪውን ያዢ። የሞተሩ እጀታና ጎማው በእኔ በኩል ነው፤ እዘዢኝ። ስረሳ ጩኺብኝ። ሲደክምሽ መሪውን ለባለቤትሽ ስጪውና ሁላችንም እንጸልይ።

አንድ ነገር ልጅሽን ለምኛታለሁ። እጀታውን ከጠረጴዛው ላይ እንዳታነሳው፣ በግራሽ በኩል እንድትተወው። ከኮምፒውተሩ ጋር እንደተገናኘ እዚያው ይቀመጣል። ጣቶችሽን አሠሪያቸው፣ ያንን ጠላትሽን ኳስም ቢሆን ጨብጪው። እጀታውን መያዝ የቻልሽ ቀን፣ በረራው መሐል ላይ ብንሆንም፣ “ለእኔ” በይኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልከራከርሽ እለቅልሻለሁ።

ቅዳሜ ሞተሩን አስነስቼ እጠብቅሻለሁ። ነዳጅ እየነደደ ነውና አታዘግዪኝ።

በሌላኛው ወንበር ያለችው
ጓደኛሽ