ከሕንፃው ሥር ያለው ሰውዬ

እሑድ፣ ኅዳር 7

ትናንት ያነሳሁትን ቶርንክሊፍ ሰፈር የምንኖርበትን ሕንፃ ፎቶ ዛሬ ጠዋት የጀማሪ ፎቶ አንሺዎች ግሩፕ ላይ ለቅቄ አስተያየት ጠየቅሁ። ለሱ ፎቶ ብርድ ላይ ቆሜ ነው የዋልኩት። የካሜራ ማቆሚያዬን፣ ትራይፖዱን፣ ስተክል ስነቅል፣ አላፊ አግዳሚው ከፊቴ ዞር እስኪልልኝ ስጠብቅ። እህቴ ማህሌት ሻይ ልታደርስልኝ ወርዳ ከመንገዱ ማዶ በስልኳ አንዴ ጠቅ አደረገች። እሷም ለጨዋታ ያህል ያንን እዚያው ግሩፕ ላይ ለቀቀችው።

ለኔ የደረሰኝ አንድ አስተያየት ነው፦ «መስመሮቹ ቀጥ ብለዋል፤ ግን ሕንፃው ሰው የሚኖርበት አይመስልም።» የሷን ግን እየተቀባበሉ አወደሱት። ለኔ አንድ ቃል ያልጻፈው የግሩፑ አስተማሪ እንኳ፣ «ከሥር ጎንበስ ያለው ሰውዬ ነው ለሕንፃው ነፍስ የሰጠው» ብሎ ጻፈላት።

ምሳ ላይ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

«ሲሪየስሊ አቢ፣ ምንም አላደረግኩም እኮ።»

ያናደደኝም እሱ ነው። ካሜራ የገዛሁት እኔ፣ ኮርስ የወሰድኩት እኔ።

«ጥሩ ነው» አልኳት። ፎቶውን ሳሳድገው የሰውዬው ኮፍያ የኔ ነው። ትራይፖዱም የኔ ነው።

«ለምንድነው እኔን ያስገባሽኝ?»

«አንተን እኮ ነው ያነሳሁት» አለች ሳህኗን እያነሳች። «ሕንፃው አብሮ ገባ።»

ከዚህ በኋላ እንዴት ብዬ ነው የምናደድባት? ግን ይኸው፣ መሽቶም ተናድጃለሁ።